ዳኛው የቸኮለ ቀን

ትናንት ልጄ በስልኬ ኳስ ስትጫወት፣ ፍጹም ቅጣት ምት ልትመታ ስትል ማስታወቂያ ድቅን አለባት። «ሌባ ሁላ!» ብዬ የጌሙን ሠሪዎች ልሳደብ አፌን ከፈትኩና መልሼ ገጠምኩት። አያ ታከለ ትዝ አሉኛ።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ እንጅባራ ላይ ጌም ቤት ከፍቻለሁ። የሚከፈለው በጨዋታ ነው። አንድ የገበያ ቀን ወረፋው ከበር ሲያልፍ፣ አሥር ደቂቃ የነበረውን ጨዋታ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ስድስት አደረግሁት። ማንም አላየኝም።

አያ ታከለ በአቅራቢያው ካለችው የጥርባ ቀበሌ ድንች ጭነው የሚመጡ፣ ሸጠው ሲጨርሱ አንድ ጨዋታ ሳይጫወቱ የማይመለሱ ሽማግሌ ነበሩ። ዝናብ የመታው ጋቢያቸው አፈር አፈር ይሸታል፤ ጆይስቲኩን እንደ እርፍ ጨብጠው ነው የሚይዙት። አንድም ቀን ጎል አግብተው አያውቁም። ያን ቀን ግን በረኛውን አልፈው ባዶ ጎል ፊት እንደ ደረሱ ፊሽካው ተነፋ።

«ምነው፣ ዳኛው ዛሬ ቸኮለ?» አሉኝ።

«አዲሱ ጌም እንዲህ ነው፣ አያ ታከለ። ፈረንጆቹ አሳጠሩት።» ፈረንጆቹ መቼም አይሰሙኝም።

«አንተ ካልክ ይሁን። አንተ አትዋሸኝም» ብለው ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ። እኔም ባለተራውን ጠራሁ። ጌም ቤቱን ሸጬ ወደ እህል ንግድ እስክገባ ድረስ ጨዋታውን ወደ አሥር ደቂቃ አልመለስኩትም።

ልጄ ስልኩን አቀበለችኝ። «አባዬ፣ ማነው ያቆመብኝ?»

«ዳኛው ቸኩሎ ነው።»

«ይኼ ጌም ዳኛ የለውም እኮ!» አለችኝ።