ለይመር የገዛነው የባሕር መተንፈሻ

ከመካነ ሰላም ስወጣ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ነበር የቀረኝ፤ ወንድሜ ይመር ደግሞ ከእኔ ሁለት ክረምት ያንስ ነበር። ያ የረሃቡ ክፉ ቀን ነው። ከቆላው የመጣ ሰው በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጃፍ እያየነው ያልቃል፤ ሊጎበኝ የመጣው ሹም ግን «ዝናቡ ትንሽ ዘገየ እንጂ ሌላ ነገር የለም» ብሎ፣ ጠጁን ጠጥቶ ተመለሰ። አንዱ በሬያችን ሞተ። የቀረው ብቻውን ምን ያርሳል? እናታችን የአንገቷን ብር ፈትታ መቀነቴ ላይ ቋጠረችልኝና «ሂዱ፤ ሁላችንም አንድ ጉድጓድ ከምንገባ» አለች። ጎሕ ሳይቀድ ባዶውን ወደ ደሴ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ወጣን።

ከደሴ አሰብ፣ ከአሰብ ግመል ነጂዎችን ተከትለን በእግራችን ጅቡቲ። መንገዱን አልዘረዝረውም፤ የሄደበት ያውቀዋል፣ ያልሄደበት አያምነኝም።

ሙቀቱን በምን ልንገራችሁ? እኛ አገር ጠዋት ጠዋት ጋቢያችንን ተከናንበን ፀሐይ እስክትወጣ እንለማመጣት የለም? እዚህ ያቺው ፀሐይ ጠላት ናት። ኻምሲን የሚሉት ነፋስ ሲነሣ አሸዋው ከወጡ ጋር ይበላል፤ ወጡም ዓሣ ነው። ዳቦው እንደ ዱላ ረጅም፣ ውስጡ ነፋስ፤ የአገራችን የደጎሎ ስንዴ ቂጣ አንድ ቁራሽ አሥሩን ያስንቀዋል። አከራያችን የቆርቆሮ ቤቱን ሲያሳየን ይመር «መስኮት የለውም ወይ?» ቢለው፣ «መስኮት ምን ያደርግላችኋል? ውጭውም እንደዚሁ ይሞቃል» አለን።

ወረቀት የሌለው ሰው ኑሮው የአይጥ ነው። ፖሊሶቹ «ራፍል» የሚሉት አፈሳ አላቸው፤ በመኪና ጭነው ድንበር ላይ ይደፉሃል። ወረቀት የሚገኘው ደግሞ አሠሪ ሲፈርም ብቻ ነው። ይመር ወደብ ለወደብ ሲንከራተት፣ ሁሉም «ሙሴ» የሚሉትን አንድ ፈረንጅ አገኘ። ሙሴ የመርከብ ሆድ ያስፍቃል፤ ጠላቂዎቹ ባሕር ውስጥ ገብተው ከመርከቡ ሥር የተጣበቀውን ቅርፊት በብረት ያነሣሉ። በአስተርጓሚ ጠየቀው፦

«ከየት ነህ?»

«ከወሎ።»

«ወሎ ባሕር አለ እንዴ?»

«ዓባይ አለ። ነጋዴ በተነፋ ስልቻ አሻግር ነበር።»

«ጥልቀቱ ስንት ነው?»

«ታች የደረሰው አልተመለሰም ሙሴ፤ ማንን ልጠይቅ?»

ሙሴ ስቆ ውኃ ውስጥ ሞከረው፤ ወደደውም። «አየር የተሞላውን ሲሊንደር እኔ እሰጥሃለሁ። መተንፈሻውን፣ መነጽሩንና የእግር መቅዘፊያውን ይዘህ ና። ሦስት ወር በደህና ከሠራህ እፈርማለሁ» አለው።

ዕቃውን የሚሸጡት ዓሚ ሳሊም ዱሮ ደሴ ሱቅ የነበራቸው የመናዊ ናቸው። አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። መስኮቱ ላይ የተደረደረው ስሙ የገነነ የፈረንሳይ ዕቃ ነው፤ ዋጋውን ሰምቼ ዓይኔን መለስኩ። ከጓዳ የእንጨት ሳጥን አወጡ።

«ይኼ ከጣሊያን ነው። አባትና ሁለት ልጆች በትንሽ ቤት ይሠሩታል።»

«ጥሩ ከሆነ ለምን ስም የለውም ዓሚ?»

«ለስም ገንዘብ ይከፈላላ የኔ ልጅ! መስኮት ላይ ያለውን ስትገዢ ግማሹን የምትከፍይው ለጩኸቱ ነው።»

አባቴ በከላላ ገበያ በቅሎ ሲገዛ መጀመሪያ ኮርቻዋን አስወርዶ ጀርባዋን ነበር የሚያየው። እኔም «የመተንፈሻውን ክዳን ይክፈቱልኝ» አልኳቸው። ውስጡ እንደ ከበሮ የተወጠረ ስስ ጎማ አለ፤ ሰው አየር በሳበ ቁጥር ጎማው ይጎብጥና አየሩን ይለቃል። ይመር አፉ ውስጥ ከትቶ ዓይኑን ጨፍኖ ተነፈሰ። መነጽሩን ያለ ማሰሪያ ፊቱ ላይ ለጥፎ በአፍንጫው ሲስብ እዚያው ተጣብቆ ቀረ፤ ባለስሙን ሲሞክር ግን ዱብ አለ፣ ለፈረንጅ ፊት የተሠራ ነዋ! መቅዘፊያውም የእሱን ሰፊ እግር የቻለው የጣሊያኖቹ ብቻ ነው።

«አንድ ነገር ልንገራችሁ» አሉ ዓሚ ሳሊም፤ «የትልቁ ፋብሪካ ዕቃ ቢበላሽ መለዋወጫው መደርደሪያዬ ላይ አለ። የዚህ ግን ከአገሩ እስኪመጣ አላህ ያውቃል። ጨው በሌለው ውኃ እጠቡት፤ ፀሐይ አታስነኩት።»

«አብሽሩ ዓሚ፤ ዕቃ መያዝ እናውቃለን» አለ ይመር። የእናታችን ብር እዚያ ሱቅ ቀረ።

ሥራው ሰመረ። ሙሴ በዕቃው ቢስቅም በይመር ሥራ ግን ሊስቅ አልቻለም። ሁለት ወር አለፈ።

በእኛ በኩል ዓባይ የሚሻገሩበት ስልቻ ቅቤ ካልጠገበ ይሰነጠቃል፤ አየሩ ሾልኮም ሰው ይገድላል። ጥሩ አሻጋሪ ከራሱ ፀጉር በፊት ስልቻውን ይቀባል። ይመርም መተንፈሻውን በደንብ ያጥብና፣ ከምንበላው ላይ ቀንሶ ያንን ስስ ጎማ በቅቤ ያሸዋል። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ «እሰይ፣ እንዲህ ነው ዕቃ መያዝ» እለው ነበር።

ጎማ ቆዳ አይደለም። ቅቤውን ጠጥቶ አበጠ፤ እንደ ሊጥም ለሰለሰ። አንድ ቀን መርከቡ ሥር ሳለ በአየር ፋንታ ውኃ ሳበ። ጓደኞቹ ሲያወጡት ፊቱ ጠቁሮ፣ ከአፍንጫው ደም ይወርድ ነበር።

«የርካሽ ነገር መጨረሻው ይኼ ነው!» አለ ሙሴ፤ በማግሥቱ ባለስሙን ዕቃ የያዘ ሌላ ሰው ቀጠረ።

ዓሚ ሳሊም ክዳኑን ከፍተው አሸተቱት።

«ያ ረቢ! ቅቤ ነው?»

«ቅቤ ነው» አለ ይመር፣ ኮራ ብሎ።

«ጎማን ቅባት ይበላዋል ወንድሜ!»

«እና ለምን አልነገሩንም?» አልኳቸው።

«ቅቤ ይቀባዋል ብዬ በምን ላስብ ልጄ?»

አዲስ ጎማ እንዲልኩ ለጣሊያኖቹ ጻፉላቸው።

ጎማው ሳይመጣ ራፍል መጣ። ይመርን ወደብ በር ላይ አፈሱት፤ እኔ ያን ሰዓት የሰው ልብስ አጥባለሁ። በዚያው ሰሞን ሬዲዮው ጃንሆይ ወረዱ አለ፤ ያገሬ ልጆች መንገድ ላይ ሲጨፍሩ እኔ የፖሊሶቹን ግቢ እዞር ነበር። ዘበኛው «ምን ታለቅሻለሽ? በነፃ ነው አገሩ ያደረስነው» አለኝ። ጎማው ከአንድ ወር በኋላ ገባ፤ ጣሊያኖቹ ዋጋ እንኳ አልጠየቁም።

እናቴን በስልክ ያገኘኋት ከስንት ዘመን በኋላ ነው። ደሴ ድረስ መጥታ ቴሌ ቤት ተራ ጠብቃ አናገረችኝ። ይመር በሰላም ገብቶ ነበር። መሬት ላራሹ ሲታወጅ ለእሱም ደረሰው፤ ጥማድ በሬ ግን ከየት ይምጣ? አንድ ክረምት በዶማ ቆፈረ።

«ታዲያ አሁን የት አለ እማዬ?»

ለሚሊሺያ ተመዘገበ አለችኝ። ያስገደደው የለም። ለጦርነቱ ሰው ይፈለጋል ሲባል «እዚያስ ዕቃ ይዘህ ና አይሉኝም፤ በዶማ ከመቆፈር ይሻለኛል» ብሎ ከሰፈሩ መጀመሪያ እጁን ያወጣው እሱ ነው፤ ስንቅ እስክትቋጥርለት እንኳ ሳይጠብቅ ከመጀመሪያው መኪና ጋር ሄደ።