ሳሮን «ችግር የለም» ያለች ቀን

የሳሮንን ጠረጴዛ ማጽዳት አይቻልም። በኢንሹራንሱ የዲላ ቅርንጫፍ ወለሉን፣ መስኮቱን፣ ወንበሩን ሁሉ የማጸዳው እኔ ነኝ። ደብዳቤም አደርሳለሁ። እሷ ጠረጴዛ ጋ ስደርስ ግን ጨርቄን ይዤ እቆማለሁ። ፋይል በፋይል ላይ ነው። አንዱን ሳነሳ ሌላው ይንሸራተታል። እሷም «ተዪው ዘኑዬ፣ አቧራውም ተራውን ይጠብቅ» ትለኛለች።

እኔ ለመጻፍ የምበቃ ሰው አይደለሁም። የተማርኩት የማታ ነው፣ እሱም እስከ አራተኛ። ብቻ የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያየሁ ስለሆንኩ እንደመጣልኝ ልጻፈው። ከተሳሳትኩ ይቅርታ።

ሳሮን የክሌም፣ ማለት የካሳ ጥያቄ ሠራተኛ ናት። መኪና የተጋጨበት፣ ባጃጅ የተገለበጠበት፣ ሰው የተጎዳበት ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እሷ ነው። የፖሊሱን ሪፖርት ትቀበላለች፣ ፋይል ትከፍታለች፣ ጋራዥ ሄዳ ታያለች፣ ሐዋሳ ላሉት የበላይ ኃላፊዎች ትጽፋለች። ድሮ ይህን ሥራ ሦስት ሆነው ነበር የሚሠሩት። ፍሬ ወደ ባንክ ሄደች። ጆሲ ተዛወረ። «ሰው ይቀጠራል» ተባለ። የሁለቱ ወንበር እስካሁን ባዶ ነው። ባዶም አይደለም፣ ፋይል ተቀምጦበታል።

ሳሮን መጀመሪያ ስትመጣ ሳቂታ ልጅ ነበረች። በቤተ ክርስቲያኗ ትዘምር ነበር፣ ሻይ ስወስድላት ስታንጎራጉር ነው የማገኛት። አሁን ሻዩን ቀዝቅዞ፣ ዝንብ ገብቶበት ነው የምመልሰው። ጨጓራዋን ይዛ ትጽፋለች። ሽንት ቤት እንኳ አትሄድም፣ «ስመለስ ሰልፉ እጥፍ ሆኖ ይጠብቀኛል» ትላለች። አንድ ቀን እናቷ ደውለውላት «የታርጋ ቁጥርዎን ይንገሩኝ» ስትላቸው ሰማኋት። ገንዘብ ተቀባያችን ኸይረዲን ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ፋይል ክፍል ገብታ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፣ እኔም ያላየሁ መስዬ ጠረግሁ።

አምና ኅዳር ላይ ነው። የቡና ጊዜ ስለሆነ በይርጋጨፌ መንገድ አይሱዙው ይበዛል፣ ግጭቱም በዚያው ልክ። ባልቻ የሚባል ባለ ባጃጅ መጣ። ወደ ቡሌ በሚወጣው መንገድ፣ በዝናብ፣ ፍሬኑ አልይዝ ብሎት ከገበያ የሚመለሱ አንድ የቡሌ ሽማግሌ ገጭቷል። በሦስተኛው ቀን ሞቱ። እሱም በዋስ ወጥቷል። ባጃጇን የገዛት የሰው ባጃጅ ስድስት ዓመት ነድቶ ነው። ሌላ ምንም የለውም።

ሳሮን ፋይሉን ከፈተችለት። ውሉ ላይ አንድ ነገር አለ። ኩባንያው ሳያውቅ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ መፈረም፣ ይህን ያህል እክሳለሁ ብሎ መስማማት ክልክል ነው። የተስማማ ሰው ካሳውን ራሱ ይችለዋል። ሦስት እያሉ ይህን ለእያንዳንዱ ሰው ቁጭ አድርገው ያስረዱ ነበር። ያን ቀን ግን ከባልቻ ኋላ ሰው እስከ በሩ ቆሟል። «ቀሪውን ስትመለስ እነግርሃለሁ» አለችው።

አገራችን ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። የሟች ቤተሰብና የገዳይ ቤተሰብ ሳይታረቁ በአንድ መንገድ አይሄዱም። ሽማግሌዎች ሶንጎ በሚባለው የእርቅ ሸንጎ ላይ ይቀመጣሉ። እዚያ መጀመሪያ የሚጠየቀው እውነት ነው። ጥፋቴ ነው ያላለ ሰው አይታረቅም። የባልቻ ሚስት የቡሌ ልጅ ናት፣ ያን ሰሞን የታመመች እናቷን ለማየት እንኳ መውጣት አልቻለችም።

ሐሙስ ተመልሶ መጣ። ሲስተም ሁለት ቀን ጠፍቶ ገና መመለሱ ነው። ሳሮን ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ ትጽፋለች። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ኢዮስያስ ከውስጥ «ሳሮን፣ ሪፖርቱ!» ይላል። እኔ ባልቻ ያስገባውን ጭቃ እየወለወልኩ ነበር።

«እህቴ፣ ቅዳሜ ሽማግሌ ፊት ልንቀመጥ ነው። በእናንተ በኩል ችግር አለው?»

ቀና አላለችም። «የለም፣ የለም። ችግር የለም።»

«እርግጥ?»

«የለም አልኩህ እኮ ወንድሜ! ቀጣይ!»

ባልቻ ወደ እኔ ዞረ። «ችግር የለም ነው ያለችኝ አይደል?»

አዎ አልኩት። የውሉን ነገር እኮ ስትናገር ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ለምን ዝም እንዳልኩ አላውቅም። የጽዳት ሠራተኛ ምን አገባኝ ብዬ ነው መሰለኝ።

ማክሰኞ እየሳቀ መጣ፣ ወረቀት ይዟል። «ታረቅን! የሟች ትልቁ ልጅ እጄን ይዞ ይቅር አለኝ። ሚስቴም እናቷ ጋ አደረች። ይኸው እህቴ፣ ፋይሉ ውስጥ ጨምሪልኝ። ያግዛል ብዬ ራሴ አመጣሁት።»

ሳሮን አነበበች። ጥፋቱ የእኔ ነው ይላል። ሽማግሌዎቹ የወሰኑትን ካሳ እከፍላለሁ ይላል። ከታች የባልቻ አውራ ጣት አለ፣ ሰማያዊ።

«ባልቻ… ይህን ፈርም ያለህ ማነው?»

«አንቺ ነሽ እንጂ፣ እህቴ።»

የዚያን ጊዜ ፊቷን አየሁ። ከንፈሯ ነጭ ሆነ። የውሉን ነገር በዝግታ ነገረችው፣ ለሐዋሳ እጽፍልሃለሁ አለችው። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

ሲወጣ ኸይረዲን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወረቀቱን ዘኑ ከጥራጊው ጋር ትውሰደውና እንገላገል» አለ። ቀልድ ይመስላል፣ ግን አልሳቀም።

«ቅጂው ፖሊስ ጋ አለ» አለች ሳሮን። ለራሷ እንደምትናገር «ባይኖርስ ላደርገው ነበር?» አለች። ከዚያ ለሐዋሳ ጻፈች። ደንበኛው አስቀድሞ ጠይቆኛል፣ ችግር የለም ያልኩት እኔ ነኝ ብላ።

አቶ ኢዮስያስ አስጠራት። በሩ ክፍት ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ በገዛ አንገትሽ ገመድ ታስገቢያለሽ?»

«ብያለሁ እኮ።»

«ማን ሰማሽ?»

እኔ ባልዲ ይዤ በሩ ላይ ነበርኩ። «እኔ… ሰምቻለሁ» አልኩ። ለራሴም በደንብ አልተሰማኝም። ሁለቱም ዞሩ። አቶ ኢዮስያስ ይቆጣኛል ስል መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

«ዘነቡ፣ ለእኔ መስማትሽ ይበቃኛል። ለሐዋሳ የሚበቃው ግን ወረቀት ነው። ሰው ላኩልን ብዬ ሰባት ጊዜ ጽፌአለሁ። እሱም ወረቀት ነበር።»

ሦስት ሳምንት ጠበቅን። ባልቻ ባለፈ ቁጥር ባጃጇን አቁሞ በመስኮቱ «መጣ?» ይላል። ሳሮን ራሷን ትነቀንቃለች። በኋላ የባጃጅ ድምፅ ሲሰማ ራሷን ፋይሉ ውስጥ መቅበር ጀመረች፣ የማንም ባጃጅ ይሁን።

ፖስታው መጣ። ኩባንያው ያልተስማማበትን ካሳ አይከፍልም። ለሳሮን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ለደንበኛው የሚሰጠውን ደብዳቤ ራሷ ታዘጋጅ። በዚያው ፖስታ ሌላም ነበር፤ የይርጋጨፌዋ ሠራተኛ የወሊድ ፈቃድ ስለወጣች የእሷም ፋይሎች ለጊዜው ወደ ዲላ ይምጡ ይላል። ኸይረዲን እንኳ የሚቀልደው አጣ።

ደብዳቤው አራት መስመር ነው። ሳሮን ሰኞ ጀምራ ረቡዕ ጨረሰችው።

እኔ ወሰድኩት። ባልቻ መናኸሪያው አጠገብ ተራ ይዟል። ፖስታውን አገላብጦ አየና «አንብቢልኝ» አለኝ።

«የእኔ ንባብ ደካማ ነው።»

«ከእኔ ትሻያለሽ።»

በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩለት። «የማይከፍል መሆኑን» የሚለው ጋ ስደርስ ተያዝኩ። እንደገና ጀመርኩት። ሁለት ጊዜ ሰማው ማለት ነው። ከጎኑ ያለው ባለ ባጃጅ ሙዚቃውን አጠፋ።

«ችግር የለም ብላኝ ነበር እኮ።»

«ብላለች። ለበላዮቿም ይህንኑ ጽፋለች። እሷንም አስጠንቅቀዋታል።»

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደ። «እሷስ ደህና ናት? ያን ቀን ፊቷ ልክ አልነበረም» አለ። ከዚያ ባጃጇን በመዳፉ መታ መታ አደረጋት፣ በሬ እንደሚሸጥ ሰው። «ሶንጎ ላይ ያልኩትን መልሼ አልውጠውም። እንግዲህ ባጃጄ፣ ተሸጠሽ የምትሄጂው አንቺ ነሽ።»

የማስረከቢያ ደብተሩን አውጥቼ ቀለሙን ከፈትኩለት። ጣቱን አየው።

«ደግሞ ጣት? ይኸው ጣት አይደል ጉድ የሠራኝ?»

«ደብዳቤው ደርሶኛል ለማለት ብቻ ነው።»

«ባልፈርምስ?»

«እኔ እጠየቃለሁ» አልኩት። ብዬው አፈርኩ።

«በይ አምጪው፣ አንቺ ምን አደረግሽ» አለና ጫነበት።

ምን አደረግሽ ያለኝ ነገር እስከ ቢሮ ድረስ ተከተለኝ።

ሳሮን ስታየኝ ብድግ አለች። «ምን አለ?» ልነግራት አፌን ስከፍት አንድ ሰውዬ በትከሻዬ ላይ አንገቱን አስግጎ «እህቴ፣ አንዲት ነገር ልጠይቅሽ» አላት። ስልኩም ይጮሃል። ስልኩን ዘጋችው። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይቀመጡ፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አለችው።

አሁን ለሁሉም እንዲህ ነው የምታደርገው። ለአንድ ሰው ግማሽ ሰዓት። ውሉን ታነባለች፣ ታስረዳለች፣ «ገባዎት?» ብላ ደግማ ትጠይቃለች። ሰልፉ ከበሩ አልፎ ደረጃውን ወርዷል። ሰው ያጉረመርማል፣ አንዳንዱ ይሰድባታል። በዚህ አካሄድ በሥራ ምዘና ትወድቃለች ይላል ኸይረዲን። አቶ ኢዮስያስ «ሳሮን፣ ፍጠኚ!» ይላል፣ ቀጥሎም ራሱ በረጅሙ ሲተነፍስ ይሰማኛል።

ባልቻ ምን እንዳለ ደግማ አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳት። የይርጋጨፌ ፋይሎች ቦታ ስላጡ ወለሉ ላይ ናቸው። ጠዋት ስገባ አንድ በአንድ አነሳቸዋለሁ፣ የተቀመጡበትን እወለውላለሁ፣ ሲደርቅ እንደነበሩ መልሼ አስቀምጣቸዋለሁ።