የኛ ሰውዬ አምባሳደር የሆነ ጊዜ

ልጅ ሳለሁ አንድ ዓመት ሙሉ እጄ የወረቀት ቀለም ይሸት ነበር። አባዬ ፌርፋክስ ሰፈር ያለችውን ሱቃችንን ቅዳሜና እሁድ ለእማዬ ይተውና፣ እኔን ለአስተርጓሚነት ይዞ፣ ራቅ ያለው ቫን ናይስ ሰፈር ድረስ ድራይቭ እያደረገ የምርጫ ቅስቀሳ ወረቀት ያድል ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው ሰው ለኮንግረስ የሚወዳደር የስቴቱ ምክር ቤት አባል ነው፤ እኛ ቤት ግን "የኛ ሰውዬ" ነበር የሚባለው። አንድ ቀን ሱቃችን ሲገባ፣ አባዬ ደሴ፣ አያቴ ጋ ስለቀረችው ታላቅ እህቴ፣ ስለ ዘይነባ ነገረው። ቪዛዋ አልሳካ ብሎ ነበር።

"ይሄ የስቴት ሥራ አይደለም፣ የኮንግረስ ነው። እዚያ ከገባሁ እጠይቅልሃለሁ" አለው።

አባዬ ገና ግሪን ካርድ ላይ ስለነበር መምረጥ አይችልም። ሶ በየበሩ የአገሩን ሰው ሲያገኝ፣ "እኔ አልችልም፣ እናንተ ምረጡልኝ። ልጄ እንድትመጣ ነው" ይላል። እኔ አፍር ነበር።

ሰውዬው ተመረጠ። ቃሉንም ጠበቀ፤ ከቢሮው ደብዳቤ ተጽፎ የዘይነባ ፋይል መንቀሳቀስ ጀመረ። እማዬ ከአልጋዬ አጠገብ አልጋ ዘረጋችላት። ብዙም ሳይቆይ ግን ሰውዬው አምባሳደር ሆኖ ተሾመ ተባለ።

ሊሰናበት ፌርፋክስ የመጣ ቀን፣ ከተሰበሰበው ሰው መሃል አባዬ፣ "የልጄስ ነገር? በይልኝ" አለኝ። ጠየቅሁለት። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ፣ እሱን የሚተካው እስኪመረጥ ወራት እንደሚፈጅ፣ ዘይነባ ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላት ቶሎ ጠበቃ እንድንይዝ ቀስ ብሎ ነገረኝ። አባዬ ፈገግ ብሎ አፌን ያያል። ያን ፈገግታ ማጥፋት አቃተኝ።

"አታስብ፣ ቢሮው ያሉት ሰዎች ይከታተሉታል ብሏል" አልኩት።

"አልሐምዱሊላህ!" አለና ከሰዉ ጋር አጨበጨበ።

ስንጠብቅ ሃያ አንድ ሞላት። ከልጆች የቪዛ ሰልፍ ወጥታ ብዙ ዓመት ከሚጠብቁት ጋር ተደባለቀች። መጠበቁ ሲሰለቻት አገባች፤ ግሪን ካርድ ያለው አባት ያገባች ልጅ ማምጣት ስለማይችል፣ በዚያው ፋይሉ ተዘጋ። አባዬ ሰውዬውን አንድም ቀን አልወቀሰውም። "መንግሥት ላከው፣ ምን ያድርግ" ይል ነበር። እኔ ተነስቼ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

አባዬ አሁን አርጅቷል፤ ዜግነት አግኝቶ ራሱ ይመርጣል። ያን ቀን የተባልኩትን እስከዛሬ አልነገርኩትም። ዘይነባ እዚያው ደሴ ሦስት ልጆች አሏት። ያኔ ስንደዋወል፣ "መቼ ነው የምመጣው?" ትለኝ ነበር። አሁን፣ "መቼ ነው የምትመጪው?" ትለኛለች።