ስንት ልጆች አሏችሁ?

ቦሌ ኤርፖርት እንግዳ የሚቀበል ሹፌር ሁሉ ረታን ያውቀዋል። የሚሠራበትን ሆቴል ነጭ ሚኒባስ ይዞ እንግዳ ሲያመላልስ ኖሯል፤ ፀጉሩም የሸበተው እዚያው መድረሻ በር ፊት ለፊት ቆሞ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። አውሮፕላን ሲዘገይ ሌሎቹ ይነጫነጫሉ፣ ስልካቸውን ይጎረጉራሉ። እሱ ግን መስኮቱን ከፍቶ ያንጎራጉር ነበር። አጭር፣ ቦርጫም፣ ሲያመሰግኑት እንኳ የሚያፍር ሰው ነው፤ አፉን ሲከፍት ግን ሻንጣ ገፊው ሳይቀር ጋሪውን አቁሞ ያዳምጠዋል። ይህ እንግዲህ የድሮው ረታ ነው።

ያን ጊዜ ገርጂ ያለችው ቤታቸው ዝም ብላ አታውቅም ነበር። ሚስቱ የሻሽወርቅ ሲኤምሲ አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ የሕፃናት ሞግዚት ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ ከሰው ልጆች ጋር ስትዘፍን ውላ ማታ ከራሷ ልጆች ጋር ትደግመዋለች። ረታ ልጆቹን ለማስተኛት ብሎ የደረሰው አንድ ዘፈን ነበራቸው። ነገሩ ስለ ቤት ነው፤ አባት ይጀምራል፣ እናት ትቀበላለች፣ ከዚያ ሦስቱ ልጆች በየተራ የየራሳቸውን ስንኝ ይላሉ። መጀመሪያ በኩሩ አብኔዘር፣ ቀጥሎ ሀይሚ፣ መጨረሻ ኢዩ። ልጆቹ አድገው ጢም ካወጡና ተረከዘ ረጅም ጫማ ከተጫሙ በኋላ እንኳ መብራት በጠፋ ቁጥር አንዱ ይጀምረዋል፣ ሌላው ይከተላል። ጎረቤት ይሰማናል ብሎ የሚያፍር አልነበረም።

አብኔዘር ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለ ታመመ። ትኩሳት ነው ተብሎ ሆስፒታል የገባው ልጅ በሳምንቱ በሬሳ ሣጥን ወጣ። ከዚህ በላይ ስለዚያ ሳምንት ምን ይወራል?

እንደ ወጉ ሁሉም ጥቁር ለበሱ። የረታ ጥቁር ግን ቶሎ ወለቀ፤ ሆቴሉ ዩኒፎርም አለው፣ እንግዳ ለመቀበል የሚሄድ ሹፌር ደግሞ ሐዘኑን ለብሶ አይሄድም። የሻሽወርቅ አላወለቀችም። በሙት ዓመቱ የረታ ታላቅ እህት፣ እትዬ ብሩክታይት፣ ዘመድ አዝማዱን ሰብስባ ጥልፍ የፈሰሰበት ነጭ ቀሚስ ይዛ መጣች። «በቃሽ የኔ እህት፣ ለቀሩት ኑሪላቸው» ብላ ለመነቻት። የሻሽወርቅ ተነሥታ ጉልበቷን ስማ፣ ቀሚሱን ተቀብላ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችውና በጥቁሯ ተመልሳ ተቀመጠች። ትምህርት ቤቱም በትሕትና «ለሕፃናቱ ደስ የሚል ቀለም ቢለብሱ» አላት። አልተከራከረችም፤ ሕፃናቱን ትታ እዚያው ወጥ ቤት ገባች። ልጆች የምትወድ ሴት ልጆች በማይደርሱበት ክፍል ሽንኩርት ስትከትፍ ዓመታት አለፉ፤ እስቲ አሁን ይኼ ፍርድ ነው?

ዘፈኑም አብሮ ቀረ። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ስልኩን አብርቶ ዝም ይላል።

ታዲያ አንድ እሑድ ሀይሚ ምሳ እየበሉ ስልኳን አባቷ ፊት ደቀነች። «አባዬ፣ ሲሪየስሊ፣ ይሄን ሳታይ አትነሳም!» አለችው። የአውሮፓ የዘፈን ውድድር ነው። መድረኩ ላይ አንድ የአልባኒያ ቤተሰብ ቆሟል፤ አባት፣ እናት፣ ሴቶች ልጆች፣ ወንድ ልጅ። ያገራቸውን ጥልፍ ለብሰዋል፤ እናትየዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች። ቋንቋው ለማናቸውም አይገባም። ሀይሚ ግን አንብባ ነበርና ነገረቻቸው፤ ቤታቸው ሊፈርስ ሲል እባክህ አትፍረስ እያሉ የሚለምኑበት ዘፈን ነው። ረታ ቃላቱ ሳይገቡት ሆዱ ባባ። የሻሽወርቅ ሰሃን ልታነሳ መጥታ ከኋላው ቆማ እስከ መጨረሻው አየች።

«ሁሉም አሉ» አለች፤ ሰሃኖቹን ይዛ ሄደች።

ሀይሚ ይህን ያሳየችው በከንቱ አልነበረም። አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የቤተሰብ የዘፈን ውድድር አዘጋጅቶ፣ እሷም ለማንም ሳትናገር ተመዝግባ ኖሯል። «እነሱ አገራቸውን እንዳሳዩት እኛም እናሳያለን። የአገር ልብስ ለብሰን፣ የራሳችንን ዘፈን!» አለች። የአገር ልብስ ማለት ለሷ ልብስ ነው። ልጅ ናት፤ ነጭ መልበስ እናቷን ምን እንደሚያስከፍላት አላሰበችበትም።

ረታ ነገሩን ሆዱ ውስጥ ይዞ ሰነበተ። በዚያው ሰሞን ድሪታ የምትባል አልባኒያዊት እንግዳ ከኤርፖርት አሳፈረ። የቦሌ መንገድ እንደ ልማዱ ተዘጋግቶ ስለነበር፣ የሹፌር እንግሊዝኛውን አሰባስቦ ስለዚያ ቤተሰብ ጠየቃት። ሴትዮዋ መጀመሪያ ሳቀች፤ አዲስ አበባ ላይ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው አገኛለሁ ብላ መቼ አስባ።

በእነሱ አገር፣ አለችው፣ ሰው ያልተሰደደበት ቤት የለም፤ አንዱ ስዊዘርላንድ፣ አንዱ ጀርመን ነው። ቤት የሚሞላው በበጋ ዕረፍት ብቻ ነው። ስለዚህ እነዚያ ሰዎች ወላጆቻቸውን ይዘው፣ ያያቶቻቸውን ልብስ ለብሰው ሲቆሙ፣ እኛ ማለት ይህ ነን ብለው ለዓለም የተናገሩ ያህል ነበር። ቤተሰቡ ከቆመ አገሩ ቆሟል፤ እንደዚያ ነው የምናስበው አለችው።

«አሸነፉ?» አላት።

«አላሸነፉም። እኛ ግን አለቀስን» አለች። «ሁሉም ሰው የጎደለውን እያሰበ ነዋ የሚያያቸው።»

ረታ ከዚህ ሁሉ የያዘው አንዱን ነው፤ ቤተሰቡ ከቆመ። የቀረው በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጣ። ያን ቀን ማታ ሚስቱን ለመናት። ምን እንደሚፈልግ ለራሱ ያውቀዋል፤ ሽልማቱን አይደለም፣ ቴሌቪዥኑንም አይደለም። የሚስቱን ድምፅ ነው። አንድ ቀን እንኳ ብትዘፍንለት፣ የቀረው በራሱ ጊዜ የሚመለስ መሰለው።

«ነጭ ልበሺ ነው የምትለኝ?» አለችው።

«ለሀይሚ ብለሽ።»

«እሺ፣ ለሷ» አለች። «ግን የአብኔዘርን ስንኝ ማንም እንዳይነካብኝ። እኔ ነኝ የምለው።»

ቀረጻው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነበር። የሻሽወርቅ ከልብስ መቀየሪያው ስትወጣ ረታ ብድግ አለ። ብሩክታይት ያመጣችላት ቀሚስ ሰፍቷት ነበር፤ ሀይሚ ወገቧ ላይ በመርፌ ቁልፍ ይዛላታለች። ኢዩ «ማሚ፣ በቃ ገደልሽን» ብሎ አቀፋት። እሷ ግን የሰው ልብስ እንዳጠለቀ ሰው እጅጌዋን ደጋግማ ታያለች። መድረክ ሲወጡ እጇን ለረታ ሰጠችው።

ረታ ጀመረ። የሻሽወርቅ ተቀበለች። ያ ድምፅ እነዚያን ሁሉ ዓመታት የት ተቀምጦ ከረመ? ትንሽ ሻክሯል እንጂ እሱ ራሱ ነው። የአብኔዘር ስንኝ ላይ ስትደርስ ዓይኗን ጨፈነች፤ ልጇ እንደሚለው ፈጠን አድርጋ፣ መጨረሻው ላይ እንደሱ ተጫውታ አለችው። ሀይሚና ኢዩ እንባቸው እየወረደ ስንኛቸውን ጨረሱ። አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ ከዳኞቹም አንዷ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። የሻሽወርቅ ዓይኗን ስትገልጥ ግንባሯ በላብ ወርዝቶ ፊቷ በርቷል። ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም።

አቅራቢዋ ዮሃና ማይክ ይዛ መጣች። «ዋው! ቃል የለኝም! ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው፤ ምንም ያልጎደለበት፣ ሙሉ ቤተሰብ! ጋሽ ረታ፣ ስንት ልጆች አሏችሁ? እነዚህ ሁለቱ ናቸው?»

ረታ ወደ ሚስቱ አየ። ያ የበራ ፊት አጠገቡ ነው። ሦስት ናቸው ቢል ሦስተኛው የታል ይባላል፤ ሞተ ቢል አዳራሹ ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ይህ ፊት ደግሞ እዚያው ይጠፋል። ዛሬን ብቻ፣ አለ በልቡ፣ ዛሬን ብቻ ትብራ።

«አዎ፣ ሁለቱ ናቸው» አለ።

ጭብጨባው ቀለጠ። የሻሽወርቅ ዞር ብላ አላየችውም። እጇ ብቻ ቀስ ብሎ ከእጁ ወጣ።

መኪና ውስጥ ስትገባ ጥቁሯን ለብሳ ነበር። ቢጮኹበት፣ ቢሰድቡት እንዴት በተመኘ! ልጆቹ ከኋላ መስኮት መስኮቱን ያያሉ። የሻሽወርቅ ቤት እስኪደርሱ የተናገረችው «ቀስ ብለህ ንዳ» የሚለውን ብቻ ነው፤ ያንንም ለኢዩ ሆድ ብላ፣ ልጁን መኪና ያስመልሰዋል።

ሰኞ ረታ ለዝግጅቱ ሰዎች ደወለ። «የልጆቹን ጥያቄ ቁረጡልኝ፣ በወላዲቷ ይዣችኋለሁ» አለ። ስልኩን ያነሳው ወጣት አዘነለት፤ ግን ምን ያድርግ። «ጋሼ፣ እሷ ቦታ እኮ ናት ምርጧ። ማስታወቂያው ላይ ራሱ ገብታለች» አለው። ለምን እንዲቆረጥ እንደፈለገ ሲጠይቀው ረታ ስልኩን ዘጋ።

በሚተላለፍበት እሑድ ቤቱ በዘመድ ተጨናነቀ። እትዬ ብሩክታይት ዋናውን ሶፋ ይዛለች፤ የአብኔዘርን አስከሬን የተሸከሙት አጎቶች፣ ድንኳን የጣሉት ጎረቤቶች፣ ሁሉም መጥተዋል። የሻሽወርቅን ቴሌቪዥኑ ላይ በነጭ ሲያዩ እልልታው ቤቱን አናጋው። በአብኔዘር ስንኝ ላይ ብሩክታይት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተንሰቀሰቀች። ረታ ሊወጣ ተነሥቶ ነበር፤ በሩ ጋ የተቀመጡትን ማስነሣት አፍሮ እዚያው ቆሞ ቀረ።

ጥያቄው መጣ። ከዚያም የራሱ ድምፅ፣ ጥርት ብሎ፣ «አዎ፣ ሁለቱ ናቸው።»

አንድ አጎት ጉሮሮውን ጠራረገ። ብሩክታይት ቀስ ብላ ወደ ወንድሟ ዞረች፤ ፊቷ ላይ ያለው ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ ንቀትም ነበረበት። «ረታ?» አለች። «ያን የመሰለ ልጅ?»

«እኔ ነኝ እንደዚያ በል ያልኩት» አለች የሻሽወርቅ። ሁሉም ወደሷ ዞረ። ወንበሩ ጠርዝ ላይ በጥቁሯ ተቀምጣለች። «ሰው ፊት ስሙ ከተነሣ መዝፈን አልችልም፣ እወድቃለሁ ብዬ አስቀድሜ አስምዬዋለሁ። በሱ አትፍረዱ።»

«እንደዚያ በይኛ!» አለች ብሩክታይት፤ ትንፋሿ ተመለሰ። «እኔ ደግሞ ወንድሜን ምን ነካው ብዬ...» ከዚያም ሁሉም በአንድ አፍ ልክ ነሽ፣ አንጀት አይችልም፣ ደግ አደረግሽ ማለት ጀመሩ።

ረታ አይደለም፣ እኔው ነኝ ማለት ነበረበት። አፉንም ከፍቶ ነበር። ግን ቤቱ ሙሉ ዓይን እንደገና በእዝነት ሲያየው መልሶ ዘጋው።

የሻሽወርቅ ብርጭቆ ሰብስባ ወጥ ቤት ስትገባ ተከትሏት ገባ። «ለምን እንደዚያ አልሽ?» አላት በሹክሹክታ። «እኔ እኮ ነኝ። በራሴ ነው ያልኩት።»

ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ማጠቢያው ውስጥ አስቀመጠች። ስትዞር ዓይኗ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ድካም ብቻ።

«ልጄን አንተ ካድከው፣ ረታ» አለችው። «አንተን ደግሞ እኔ ልካድህ?»

እጇን በጨርቅ አደራርቃ ወደ እንግዶቹ ሄደች። ሀይሚ ወደሚቀጥለው ዙር ማለፋቸውን ስትናገር ከሳሎን ጭብጨባ ተሰማ። ረታ ማጠቢያው ላይ ተደግፎ፣ ሰው እንዳይሰማው ቧንቧውን ከፍቶ፣ አለቀሰ።