ከሃያ አንድ ሲጎድል፦ ከቢቸና ሞጣ

ቢቸና፣ ማለዳ

ሞጣ ያሉ መምህራን በየወሩ ተሰብስበው መጻሕፍት ያነባሉ። በዚህ ወር እኔ እንድናገር ጠሩኝ። ርእሴ «የላቲን ቁጥሮች በልጆቻቸው አፍ» የሚል ነው።

እኔ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት ልጆቼን ካሳደግሁ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። በእርዳታ ከመጡት ካርቶኖች ውስጥ ማንም የማይከፍታቸው የላቲንና ከላቲን የተወለዱት የጣሊያን፣ የፈረንሳይ፣ የስፔንና የሮማንያ መዝገበ ቃላት ነበሩ። እኔ ከፈትኋቸው። ከሁሉም ቁጥሮቹን ወደድሁ። ላቲን ስምንትን «ኦክቶ» ይላል። ጣሊያን «ኦቶ» አለው፣ ስፔን «ኦቾ»፣ ሮማንያ «ኦፕት»፣ ፈረንሳይ ደግሞ አሽሞንሙኖ «ዊት»። «ሠለስቱ» የሚል የአብነት ተማሪና «ሦስት» የሚል ነጋዴ ዝምድናቸው እንደሚያስታውቅ ሁሉ፣ የእነዚህም ያስታውቃል።

ሰሞኑን ጸጥታው ደፍርሶ መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ቀን ይዘጋል። ጎረቤቴ ስትሸኘኝ «ቁጥር ለመናገር ብለሽ ነው ነፍስሽን መንገድ ላይ የምታወጪው?» አለችኝ። ቦርሳዬን አንግቼ ወደ መናኸሪያ ወጣሁ።

የተገኘው አንድ ቅጥቅጥ ነው። ዋጋው ከታሪፉ እጥፍ ሆኗል፤ የተከራከረ የለም። ከጎኔ የተቀመጡት እማማ የሺ ልጃቸው ወልዳ ሊጠይቋት የገንፎ ዱቄት ይዘው ሞጣ ይሄዳሉ። ስፈራ መቁጠር ልማዴ ነውና ተሳፋሪውን በዓይኔ ስቆጥር ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ መሰለኝ፣ እማማ የሺ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

«ምን እያልሽ ነው?»

«ሰዉን እየቆጠርሁ።»

«ተይ፣ ሰው አይቆጠርም። ዳዊት ሕዝቡን ቢቆጥር መቅሠፍት ወረደ። እኔ ልጆችሽ ስንት ናቸው ሲሉኝ እንኳ እሱ ያውቃል ነው የምል።»

«በላቲን ነው፣ እማማ።»

«እግዜር ላቲን አያውቅም ያለሽ ማነው?» ሂሳብ የሚሰበስበው ረዳት ሰምቶ ሳቀ።

ከነሹፌሩና ከነረዳቱ «ቪጊንቲ» ሆንን፤ ሃያ ማለት ነው።

ረዳቱም ሰው አይቆጥርም። «ጎረቤታችሁ አለ?» ብሎ ይጣራል፤ ሁሉም ጎኑን አይቶ «አለ» ሲል መኪናው ይነሳል።

ደብረ ወርቅ

ለቁርስ ቆምን። ዳቦውን ቆርሼ ሻዩ ውስጥ ነከርሁት እንጂ አልወረደልኝም። ወርዶ የቀረም አዲስ የተሳፈረም ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ በግራችን ጮቄ ደመና ለብሶ፣ በቀኛችን የታጨደው ጤፍ በየማሳው ተከምሮ ይታያል። አጫጁ ግን የለም። ሰው የሚያወራው በሹክሹክታ ነው።

ከፈለገ ብርሃን ወዲያ

ድምፁ ከኋላችን መጣ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ደረቅ ድምፅ። ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሹፌሩ ጥግ ይዞ ቆመና «ውረዱ» አለ። ተበታተንን። ማሳ ውስጥ በደረቴ ተኛሁ። እማማ የሺ ዱቄታቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው አጠገቤ አሉ። ሌላ ድምፅ ሲጠፋ ሹፌሩ ክላክስ አደረገ። እየተጋፋን ገባን።

«ጎረቤታችሁ አለ?»

«አለ፣ አለ።»

መኪናው በረረ።

ልቤን ለማረጋጋት ከፊት ጀምሬ ቆጠርሁ። ሮማውያን ዐሥራ ዘጠኝን «ዐሥርና ዘጠኝ» አይሉትም፤ «ኡንዴቪጊንቲ» ይሉታል፣ ከሃያ አንድ ሲጎድል። ልጆቻቸው ሁሉ ይህን ቃል ጥለውታል። ጣሊያኑም ፈረንሳዩም ስፔኑም ዐሥር ከዘጠኝ ይላሉ። እኔም ሞጣ ላይ ሰውን ላስቅበት አስቤ ነበር። አሁን እዚያ ቃል ላይ ስደርስ ሰዉ አለቀብኝ።

ከኋላ ወደ ፊት ደግሜ ቆጠርሁ። ያው ነው።

ከበሩ አጠገብ ያለችው ተጣጣፊ ወንበር ባዶ ናት። ከሥሯ አንድ ከዘራ ይንከባለላል። ቢቸና ላይ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ብቻቸውን እዚያ ተቀምጠው ነበር። ያች ወንበር ጎን የላትም፤ ስለሳቸው «አለ» የሚል ጎረቤት አልነበረም።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ብናገር ወደዚያ ድምፅ እንመለሳለን።

«ሰው ጎድሏል» አልሁ። ለራሴም አልተሰማኝም። ደግሜ አልሁት።

«ማነው የጎደለው?» አለ ረዳቱ።

«ስማቸውን አላውቅም። ከበሩ አጠገብ የነበሩት።»

«ቆጠረችን እኮ» አለ ከኋላ አንድ ሰው። «ያነሰን መዓት ይመስል።»

ሹፌሩ በመስታወት አየኝ። «እህቴ፣ እነዚህን ሁሉ ይዤ ወደዚያ ልመለስ? ሌላ መኪና ያነሳቸዋል።»

ከቢቸና ጀምሮ ሌላ መኪና አላየንም። እሱም ያውቀዋል።

እማማ የሺ ጎንበስ ብለው ከዘራውን አነሡና ጭናቸው ላይ አጋደሙት። «አዙረው፣ ልጄ» አሉ። «ሰው ጥለን ቀራንዮ አንገባም።» ቀራንዮ ከፊታችን ያለችው ከተማ ናት።

ሹፌሩ አዞረው። የተበታተንበት ማሳ ጋ ስንደርስ ቆምን። ሽማግሌው ከቦዩ ማዶ ባሕር ዛፍ ሥር ጋቢያቸውን ተከናንበው ቁጭ ብለዋል። ረዳቱ ቢጣራ ዞር አላሉም። ወርዶ ትከሻቸውን ሲነካቸው ነው ጆሯቸው እንደማይሰማ የገባን።

«አበቃ?» አሉት።

ጥለናቸው እንደ ሄድን አላወቁም። ማንም አልነገራቸውም። እማማ የሺ ከዘራቸውን አቀበሏቸውና ከኋላቸው ተቀምጠው ከዚያ እስከ ሞጣ እጃቸውን በሽማግሌው ትከሻ ላይ አኑረው ሄዱ።

ሞጣ

ንግግሩን የሰሙት ጥቂቶች ናቸው። «ኡንዴቪጊንቲ» ላይ ስደርስ አንድ መምህር ሳቀ። «ምን ያለ ዙሪያ ጥምጥም ነው! ልጆቹ አቃልለውት ደግ አደረጉ።» ባለፈው ሳምንት ቢሆን እስማማ ነበር። «ልጆቹ ያለውን ይቆጥራሉ» አልሁት። «እናታቸው የቀረውን ትጠይቅ ነበር።» ከዚያ ወደ ሃያ አለፍሁ።

መመለሻ

መንገዱ ሲከፈት ያው ቅጥቅጥ መለሰኝ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ ያንን ባሕር ዛፍ ስናልፍ ዓይኔን ጨፈንሁ። ጉዞው ደፋር አላደረገኝም። ያስተማረኝ ቢኖር፣ ፈሪም ብሆን ጎን የሌለውን ወንበር አስቀድሜ ማየትን ነው።

ደብረ ወርቅ ላይ ሻይ ጠጥተን ስንገባ ረዳቱ «ጎረቤታችሁ አለ?» አለ። ሁሉም «አለ» አሉ። በሩን ግን አልዘጋም። ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «በዚያ በላቲንሽ እይልን እስቲ» አለኝ በሹክሹክታ።

አየሁ። ቁጥሩን አልተናገርሁም።

«ሙሉ ነን» አልሁት። በሩን ዘጋው።