አባቴና ድመቷ

አባቴ ሐኪም ጋራ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታቸው ደረጃ ላይ ወድቀው ወገባቸውን ከተጎዱ በኋላ ብቻቸውን መኖር አልቻሉም። እናቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆኗል። ፈላና በር አጠገብ የተከራየሁት ቤት ሁለት ክፍል ብቻ ስለሆነ አልጋዬን ለቀቅኩላቸውና እኔ ሳሎን ፍራሽ አነጠፍኩ። የረሳሁት ድመቴን ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ እዚያ አልጋ ግርጌ ስትተኛ የኖረች ግራጫ ድመት ናት።

የመጀመሪያውን ቀን በሩ ላይ ተቀምጣ ስታፈጥባቸው ዋለች። በማግስቱ ጫማቸው ውስጥ ሸናች። አባቴ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ጫማቸውን በየማለዳው ራሳቸው ይወለውላሉ። አንስተው አሸተቱና መልሰው አስቀመጡት። በሳምንቱ ጋቢያቸው ላይ ደገመችው።

«ልጄ፣ ወደ ቤቴ መልሺኝ» አሉኝ። «የሌላውን ቦታ ወስጄ አልኖርም።»

«አባባ፣ ድመት እኮ ናት!»

«ድመትም ብትሆን ቤቱ የሷ ነበር።»

ቀልድ መስሎኝ ፊታቸውን ሳይ የምራቸውን ነው። ተናድጄ ድመቷን ግቢ አስወጥቼ ዘጋሁባት። ቀኑን ሙሉ መስኮቱን ስትቧጥጥ ዋለች።

ጩኸቷን ሰምተው በግንብ የምንዋሰናቸው ሐረሪ ጎረቤቴ መጡ። የእሳቸውን ቤት ድመት ተለይቶት አያውቅም።

«ወላሂ፣ ቀንታ እኮ ነው» አሉኝ። «ብታባርሪያት ይብሳል። ምግቧን ከአባትሽ እጅ ታግኝ። አንቺም ከሥራ ስትገቢ ትንሽ አቅፈሻት ተቀመጪ፤ የተጣለች አይምሰላት።»

ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለነበር እኛ ቤት ሥጋ የለም። ጎረቤቴ ከራሳቸው ማጀት ቁርጥራጭ በፌስታል ይልኩልን ጀመር። አባቴ ፌስታሉን ከፍተው አዩ።

«የምን ሥጋ ነው?»

«የግመል።»

ዕድሜ ልካቸውን የግመል ሥጋ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ትንሽ አሰቡና ረጅም ማንኪያ አምጪልኝ አሉ። በማንኪያው እየዛቁ ከአልጋቸው ራቅ አድርገው ይጥሉላት ጀመር። በልታ ወዲያው ትወጣለች። ከቀን ወደ ቀን ግን የሚጥሉበት ቦታ ወደ አልጋው እየቀረበ መጣ።

እኔም ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ እሷን አቅፌ ሳሎን እቀመጣለሁ። አንድ ቀን አባቴ ከውስጥ፣ «እኔስ? ሰላምታዬ ከሷ በኋላ ነው?» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ አልነበረም። የቀናችው ድመቷ ብቻ እንዳልሆነች ያን ጊዜ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ እሷን እንዳቀፍኩ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ የዋልኩበትን ለሁለቱም አወራለሁ።

ከፋሲካ በኋላ አባቴን ጉንፋን ያዛቸው። በምሳ ሰዓት ስገባ ድመቷ እግራቸው ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። እሳቸው ቀጥ ብለው ጣሪያ ያያሉ።

«ምን ሆኑ?»

«ቀስ በይ» አሉኝ በሹክሹክታ። «እግሬ ደንዝዟል። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ አልተንቀሳቀስኩም።»

ላነሳት እጄን ስዘረጋ በዓይናቸው ከለከሉኝ። ሻያቸውን ጋደም እንዳሉ አጠጣኋቸውና ለከሰዓት ክፍለ ጊዜዬ ወደ ትምህርት ቤት ተመለስኩ። በሚቀጥለው ወር አባቴ የሐኪም ጋራውን ቤታቸውን አከራዩት።