ሁለተኛው ዓይን

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ መዋዕለ ሕፃናት አጥር ላይ ሥዕል እንድሥል የተጠራሁት ክረምቱ እንደወጣ ነው። ሥዕል ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከስልኬ እያየሁ ነው የለመድኩት። ርዕሰ መምህሯ ያዘዙኝ ዓሣና ዳክዬ ነበር። አንድ ሌላ ፍጥረት ልጨምር ብዬ ለመንኳቸውና ፈቀዱልኝ፤ ወላጆች ቅር ካላቸው ግን ኖራ እንደሚያስቀቡት ነገሩኝ።

ስኩዊድ ይባላል። አጥንት የሌለው፣ ስምንት ክንዶችና ሁለት ረጃጅም መያዣዎች ያሉት የባሕር እንስሳ ነው። እኔ የወደድኩት ዘር ጥልቅ ባሕር ውስጥ የሚኖር፣ ከጣት ብዙም የማይበልጥ ነው። ዓይኖቹ ላይ፣ መያዣዎቹ ላይና ሆዱ ውስጥ የሚያበሩ ነጠብጣቦች አሉት። ባሕር አይቼ ባላውቅም የእያንዳንዱን ነጠብጣብ ቦታ አጣርቼ፣ ሆዱ እንዲታይ በጎኑ ሣልኩት።

ብሩሼን ሳጥብ የግቢው ዘበኛ፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ ወንበራቸውን ከሥዕሉ ሥር አንስተው ወደ ማዶ ሲወስዱ አየሁ።

«ምነው አባባ፣ ፀሐዩ በዛብዎት?»

«ፀሐዩስ ደግ ነበር። ሰይጣን ሥለህብኝ ከማን ጋር ልዋል?»

ወዲያው ገባኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ሰይጣንና ክፉ ሰው ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይህን ግድግዳ ላይ እያየሁ አድጌ ስለ መብራቶቹ ስጨነቅ ዓይኑን ዘንግቼዋለሁ። ሰኞ ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡት እናቶችም የሚያዩት ያንኑ ነው።

ሰይጣን አለመሆኑን አስረዳኋቸው። የሆዱ መብራት ከላይ የሚወርደውን ደካማ ብርሃን ስለሚመስል፣ ከታች የሚያድነው ጠላት ጥላውን እንደማይለይ ነገርኳቸው።

«በመብራት የሚደበቅ? እኔ ሌባ በመብራት ሲያዝ ነው የማውቅ» አሉና ሳቁ። ወንበሩን ግን አልመለሱም።

ቅዳሜ ቀለሙን ፍቄ እንደገና ጀመርኩ። ወደሚያየው ሰው ፊቱን አዞርኩት፤ ክንዶቹ ወደ ፊት ተዘረጉ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ወጡ፣ በየዓይኑም ሥር ነጠብጣቦቹ በደንብ ታዩ። ሆዱ ግን ከክንዶቹ ኋላ ቀረ። እሱ ከነከነኝ።

ሽማግሌው ቀርበው ብዙ አዩት።

«የሆዱ መብራትስ?»

«ከኋላ ስለሆነ አይታይም።»

«ይሁና። ለመደበቂያ ነው አላልከኝም?»

ወንበራቸውን መለሱ። ሰኞ አንዲት እናት ምንድን ነው ብላ ስትጠይቅ እኔን ቀድመው መለሱላት፤ ኖራውም ከመጋዘን አልወጣም።